ሀዋሳ ላይ ዓይናችሁን ልትታዩ ነው? መነጽር ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ

ክንዳችሁ ያጠረባችሁ ሰዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ስልኩን አራቅ፣ ትንሽ ደግሞ አራቅ፣ አሁንም አይነበብም። ደረሰኝ ላይ ያለው 3 ይሁን 8 መለየት አቃተ። የመርፌ ቀዳዳማ ቀርቷል፣ ልጅ ጠርቶ ማስገባት ነው። ታዲያ ብዙዎቻችን ምን እናደርጋለን? አስፋልት ዳር ከተደረደሩት መነጽሮች አንዱን እናነሳለን፣ ስልካችንን እናይበታለን፣ «ይቺ ትሻላለች» ብለን ከፍለን እንሄዳለን።

መነጽሩ ዓይን ያበላሻል አልልም። አያበላሽም። ለሁለቱም ዓይን እኩል ቁጥር ነው ያለው፣ የእናንተ ሁለት ዓይኖች ግን እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፣ ቢበዛ ራስ ምታት ያመጣል። ክፋቱ ሌላ ነው። ማንበብ ስትችሉ ጉዳዩ አለቀ ብላችሁ ምርመራውን ትተዉታላችሁ። ዓይን ደግሞ ሳያም፣ ሳይቀላ፣ ሳያሳክክ ቀስ ብሎ የሚጠፋበት በሽታ አለ።

ስለዚህ የዓይን ክሊኒክ ስትሄዱ ውስጡ ድረስ ለመታየት ሂዱ። መነጽሩ እግረ መንገዱን ይመጣል።

እኔ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከፊደል ጋር ነው ሥራዬ፣ አርባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ለማንበቢያ መነጽር ብዬ ነበር የገባሁት፣ ስወጣ ግን ስለ ዓይኔ እስከዛሬ ያልተነገረኝን ሁሉ አውቄ ነው የወጣሁት። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይመስላል። ደግሞ ምርመራው ጥሩ የሚሆነው በሐኪሙ ብቻ አይደለም፣ ታካሚው ምን ይዞ እንደገባና ምን እንደጠየቀም ይወስነዋል። ይሄኛው በእጃችሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስቀድም። ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ በረኪና ወይም የባትሪ አሲድ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሰው ካለ ማንበብ ይቅር። አሁኑኑ በንጹህ ውኃ ማጠብ ነው፣ ዓይኑን ከፈት አድርጎ ቢያንስ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። ሐኪም ቤት እስክንደርስ ብላችሁ እጥበቱን አታቆዩት። ኖራና ሲሚንቶ ደግሞ ከአሲድም ይብሳሉ፣ ወደ ውስጥ እየበሉ ይሄዳሉ። ዓይን የወጋ ነገር ካለ አትንቀሉት፣ አትሹት፣ ሳትጫኑ ሸፍናችሁ ሂዱ። በድንገት የብርሃን ብልጭታ፣ የጥቁር ነጠብጣብ መዓት ወይም ከጎን የሚወርድ መጋረጃ የታየው ሰውም እንዲሁ፣ ነገ አይባልም። ከራስ ምታትና ከማስመለስ ጋር የመጣ ከባድ የዓይን ሕመምም ያው ነው። ቀጠሮ አይያዝለትም።

የት እንሂድ?

ሀዋሳ ላይ መንገዱ በግምት ሦስት ነው። አንደኛው እኛ ሰፈር «ሪፈራል» የምንለው የዩኒቨርሲቲው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፣ የዓይን ክፍል አለው፣ ከከተማውም ከገጠሩም፣ ከሲዳማም ከአጎራባች ክልሎችም ሰው ይመጣበታል፣ ስለዚህ ወረፋ አለ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምራችሁ ሪፈር ተጽፎላችሁ ነው የሚኬደው። ወረቀቱን ሳትይዙ ሄዳችሁ ግማሽ ቀን አታቃጥሉ። መድኑ መነጽሩን ይሸፍን አይሸፍን ደግሞ እዚያው ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ሁለተኛው የግል የዓይን ክሊኒክ ነው። ሦስተኛው መነጽር ቤት ነው፣ አንዳንዶቹ ውስጥ የሚለካ ባለሙያ አለ።

እዚህ ላይ ማን ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፣ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ስለምንል ይምታታብናል። የዓይን ስፔሻሊስት ሕክምና ተምሮ ከዚያ በዓይን የተካነ ሐኪም ነው፣ ቀዶ ጥገና ይሠራል። ኦፕቶሜትሪስት የዕይታ ባለሙያ ነው፣ ይለካል፣ መነጽር ያዝዛል፣ በሽታ ካየ ወደ ስፔሻሊስቱ ይመራችኋል። የዓይን ነርሶችም አሉ። እኔን አብዛኛውን ያየችኝ ኦፕቶሜትሪስት ናት፣ እስክወጣ ድረስ «ዶክተር» እያልኳት ነበር፣ እሷም ማረም ሰልችቷት ይሁን በትሕትና ዝም አለች።

ክሊኒክ ከመምረጣችሁ በፊት ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የዓይን ግፊት ትለካላችሁ? በጠብታ ብሌን አስፍታችሁ የዓይኑን ጀርባ ታያላችሁ? ካርዱ የሚያካትተው ምንድነው፣ ለብቻ የሚከፈለውስ? ሁለቱን የመጀመሪያ ጥያቄዎች «አዎ» ካሉ ሂዱ። «መነጽር ነው የምንሠራው» ካሉ እነሱም ሐቀኛ ናቸው፣ መነጽሩን በኋላ እዚያ ታሠራላችሁ። የዋጋው ጥያቄ አያሳፍርም። ካርድ አውጥቶ ገብቶ፣ ለያንዳንዱ መሣሪያ እየተመላለሱ ገንዘብ ቤት መቆም ነው የሚያናድደው።

ከቤት ሳትወጡ

ቁርስ ብሉ። ባዶ ሆድ የሚፈልግ ምርመራ አይደለም፣ ግን ደም የሚሰጥ መስሏቸው ሳይቀምሱ መጥተው ወረፋ ላይ የሚያዞራቸው ሰዎች አሉ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ እንደተለመደው ውሰዱ።

ኩል የምትኳሉ እህቶች፣ የዚያን ቀን ይቅር። ሽፋሽፍት ላይ ያለው ሁሉ ይታጠብ።

አሮጌ መነጽር ካላችሁ ያዙት፣ የተሰበረም ቢሆን። ቁጥሩ ከመስታወቱ ላይ በመሣሪያ ይነበባል፣ ዓይናችሁ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚታወቀውም በዚያ ነው። ከዚህ በፊት የተጻፈላችሁ ወረቀት ካለም እንዲሁ።

የምትጠቀሙበትን ጠብታ በሙሉ፣ ባዶውን ብልቃጥ ጭምር፣ በፌስታል አድርጋችሁ አምጡ። ይሄን ችላ አትበሉት። ዓይን ሲያሳክክ ፋርማሲ ሄዶ «የዓይን ጠብታ ስጡኝ» ማለት የተለመደ ነው፣ ከእነዚህ ጠብታዎች ውስጥ ግን ዴክሳሜታዞን የመሳሰሉ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። ወዲያው ያቀዘቅዛሉ፣ ቀዩን ያጠፋሉ፣ ሰው ይወዳቸዋል። ለወራት ያለ ሐኪም ክትትል ሲጠቀሙባቸው ግን የዓይን ግፊት ሊያስነሱና ሞራ ሊያመጡ ይችላሉ። በአቧራ ሰሞን ዓይናቸውን እያሹ የሚያስቸግሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች በተለይ ልብ በሉ። ጎረቤት የተረፈውን ሲሰጣችሁ አመስግናችሁ መልሱ።

ሥራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። አትሳቁ፣ ከምነግራችሁ ሁሉ ትልቁ ምክር ይሄ ሳይሆን አይቀርም። የማንበቢያ መነጽር የሚለካው በርቀት ነው። ልብስ ሰፊ መርፌውን የሚይዝበት ርቀትና ሂሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን የሚያይበት ርቀት አንድ አይደለም። እኔ ደብዛዛ የመታወቂያ ኮፒ ይዤ ገባሁ፣ ሱቅ ውስጥ የሚያደናግረኝ እሱ ነዋ። ባለሙያዋ አይታ «ጥሩ አደረጉ» አለችኝ፣ መጨረሻ ላይ መነጽሩን የሞከርነው በዚያች ወረቀት ነው። ዳዊት የሚደግሙ እናት ዳዊታቸውን፣ ቁርኣን የሚቀሩ አባት ቁርኣናቸውን ይዘው ይሂዱ። የሚያነቡት እሱን ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተገኙ። ሰኞን ከቻላችሁ ዝለሉት። ከሰዓት በኋላ የቅርብ ሥራ ያለበትን ቀን አትምረጡ፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። መኪና፣ ሞተር፣ ባጃጅ የምትነዱ ደግሞ እያሽከረከራችሁ አትሂዱ። ስትመለሱ ተሳፋሪ ናችሁ። ባርኔጣ ወይም የፀሐይ መነጽር ኪስ ውስጥ ይግባ። ለአዛውንት ሰው አጃቢ ግዴታ ነው በሉ።

ውስጥ ስትገቡ

ካርድ ታወጣላችሁ፣ ተራ ትጠብቃላችሁ፣ ይሄ የትም ያው ነው።

ከዚያ ጥያቄ ይመጣል፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። «ምን ሆኑ?» ሲባል «ዓይኔን አሞኛል» ብሎ ዝም ይላል። ቤት ሆናችሁ አስቡበት፣ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጉ። የትኛው ዓይን ነው? ከመቼ ጀምሮ? በድንገት ነው ቀስ በቀስ? የሚደበዝዘው የቅርቡ ነው የሩቁ? ማታ ይብሳል? የመኪና መብራት ይበታተናል? ስኳር፣ ደም ግፊት አለ? ዓይን ላይ የደረሰ አደጋ፣ የልጅነት እንኳ ቢሆን?

እኔን የጠየቀችኝና ነገሩን ሁሉ የቀየረው ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦

«ጋሼ፣ ቤተሰብ ውስጥ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?»

«አባቴ። ከማረፉ በፊት ለረጅም ጊዜ አያይም ነበር።»

«በምን ምክንያት?»

«ሞራ ነው ይባል ነበር።»

«ሐኪም ነው ያለው ወይስ ሰፈርተኛ?»

ሳቅኩ፣ ግን መልስ አልነበረኝም። እሷ ካርዱ ላይ ጽፋ አሰመረችበት። እኛ ጋ በዕድሜ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ ሁሉ «ሞራ» ወይም «እርጅና» ነው የሚባለው። ሞራ ቢሆን ኖሮ በቀዶ ጥገና መልሶ ማየት ይቻል ነበር። ግላኮማ ከነበረ ደግሞ፣ ማለትም የዓይንን ነርቭ ቀስ ብሎ የሚጎዳው በሽታ፣ ነገሩ ወደ ልጆቹ ሊሻገር ይችላል፣ ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው ስጋቱ ከሌላው ይበልጣል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ማን ነው ዓይኑ የጠፋው፣ በስንት ዓመቱ፣ ያመው ነበር ወይስ ሳያመው ነው የጠፋው? ሳያመው፣ ከጎን ከጎኑ እየጠበበ፣ በር እየሳተ ሲመታ ነበር ካሏችሁ ያንን ሳትረሱ ለሐኪሙ ንገሩ።

ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። ኔዘርላንዳዊው የዓይን ሐኪም ስኔለን ይሄንን ሰሌዳ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1862 ነው፣ እስከዛሬ በዋናው ሐሳቡ እየተሠራበት ነው። 6 ሜትር ላይ ትቆማላችሁ ወይም ትቀመጣላችሁ፣ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ በመስታወት ያሳዩአችኋል። 6/6 ማለት ጤነኛ ዓይን በ6 ሜትር የሚያየውን እናንተም በ6 ሜትር አያችሁ ማለት ነው። 6/60 ከተባላችሁ ሌላው በ60 ሜትር የሚያየውን እናንተ 6 ሜትር ድረስ ቀርባችሁ ነው የምታዩት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አይፈር፣ ሹካ የሚመስለው ምልክት ወዴት እንደዞረ በእጅ ማሳየት ብቻ ነው። ከኋላዬ የነበሩ እናት «እኔ መች ተማርኩና» እያሉ ሲጨነቁ ነርሷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ በጣቷ አሳየቻቸው፣ ከዚያ ከኔ የተሻለ ወረዱ።

ፈተና አይደለም። አትገምቱ፣ ዓይናችሁን አታጨንቁሩ፣ በጣታችሁ መሃል አትስረቁ፣ ከፊታችሁ ያለው ሰው ሲጠራ ሰምታችሁ አትሸምድዱ። ከዋሻችሁ የምትወስዱት መነጽር ይዋሽባችኋል።

ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ነገር ከዓይናችሁ ፊት ካደረጉላችሁ ትኩረት ስጡ። በቀዳዳዋ በኩል ስታዩ ከጠራላችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ መነጽር የሚያስተካክለው ነው። ካልጠራ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ርካሽ፣ ግን ብዙ የሚናገር ዕቃ ነው፣ እኔ ከዚያ ሁሉ መሣሪያ የወደድኩት እሱን ነው።

ከዚያ አገጭ አስደግፋችሁ ትንሽ ሥዕል የምታዩበት ማሽን አለ፣ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ይጠራል። ማሽኑ ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩ ግን መነሻ ነው። «ማሽኑ ያለውን ጻፉልኝ» ብላችሁ አትውጡ። ትክክለኛው ሥራ ያን ከባድ የመሞከሪያ ፍሬም አፍንጫችሁ ላይ አድርገው መስታወት እየቀያየሩ «1 ይሻላል ወይስ 2?» የሚሉበት ነው። ሁለቱ አንድ ከሆኑባችሁ «አንድ ናቸው» በሉ፣ እሱም መልስ ነው። ስትጨርሱ ፍሬሙን እንዳደረጋችሁ ተነሱ፣ ኮሪደሩ ላይ ተራመዱ፣ በር ላይ ወጥታችሁ ሩቅ እዩ፣ ይዛችሁ የመጣችሁትን አንብቡ። ወለሉ ካዘነበለባችሁ ወይም ካዞራችሁ ያኔውኑ ተናገሩ።

ከ40 በኋላ የቅርብ የማይታየው ለምን እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ነው፣ ለቅርብ ሲሆን ይወፍራል፣ ለሩቅ ይሳሳል። በዕድሜ እየደረቀ ይሄዳልና መወፈሩን እምቢ ይላል። በሽታ አይደለም፣ ካሮትም አይመልሰውም፣ መነጽር ማድረግም አያባብሰውም። «መነጽር ከጀመርክ ዓይንህ ይሰንፋል» የሚሉ አሉ። ዓይናችሁ መነጽር አደረጋችሁም አላደረጋችሁም እስከ 60 ገደማ እየደረቀ ይቀጥላል።

ግፊቱ እና ጠብታው

«ጋሼ፣ አገጭዎን እዚህ፣ ግንባርዎን ወደ ፊት ያስጠጉ፣ አይተንፍሱ አላልኩም፣ ይተንፍሱ» አለችኝ። እውነትም ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ስሊት ላምፕ ይሉታል፣ ቀጭን የብርሃን ስንጥቅ ዓይን ላይ ጥሎ በአጉሊ መነጽር የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሽፋሽፍቱ፣ የዓይኑ መስታወት፣ ሌንሱ ሞራ ይዞ እንደሆነ እዚህ ይታያል። ግፊት ሲለኩ የሚያደነዝዝ ጠብታ ያደርጋሉ፣ ቢጫ ቀለም ይነካል፣ ሰማያዊ መብራት ይመጣል፣ አንድ ነገር ቀርቦ ዓይኑን በስሱ ይነካል። አያምም። በአየር ፉት የሚያደርግም አለ፣ እሱ ያስደነግጣል እንጂ ምንም አያደርግም። ዓይን እንደ ብስክሌት ጎማ የራሱ የሆነ ልክ ግፊት ያስፈልገዋል፣ የተለመደው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከክንድ ላይ ከሚለካው የደም ግፊት ጋር አታምታቱት፣ ሌላ ነው። ደም ግፊት የሌለበት ሰው የዓይን ግፊት ሊኖርበት ይችላል።

ቁጥሩን ጠይቁ። የኔን ነገረችኝ፣ ልክ ነበር። ልነሳ ስል «ቁጥሩ ብቻ አይበቃም» አለች። ግፊቱ ልክ ሆኖ ግላኮማ ያለበት ሰው አለ፣ ስለዚህ ከጀርባ ያለው ነርቭ ራሱ መታየት አለበት። የአባቴ ነገር ባይነሳ ኖሮ ምናልባት እዚያው ላይ እንጨርስ ነበር። እናንተ ሳይነሳ አንሱት፣ «የዓይኔን ነርቭ እዩልኝ» በሉ። ግላኮማ የወሰደው ዕይታ አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታና በክትትል ማቆየት ይቻላል፣ ቀድሞ መታየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ይቆጠቁጣል፣ ለትንሽ ጊዜ ነው። ዓይን ጨፍኖ ግማሽ ሰዓት ገደማ መጠበቅ አለ፣ አንዳንዴም ይደገማል። ከዚያ የቅርብ ነገር ሁሉ ይጠፋል፣ ስልክ አይነበብም፣ ብርሃን ይወጋል። እንደ ጠብታው ዓይነት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል፣ አንዳንዱ እስከ ማግስቱ ይሄዳል። በቀትር የሀዋሳ ፀሐይ ውስጥ ብሌናችሁ ተከፍቶ መውጣት ምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ? ባርኔጣውን ያስያዝኳችሁ ለዚህ ነው። ያን ዕለት ሐይቅ ዳር ሄዶ ዓሣ መብላት ይቅር፣ ውኃው ላይ የሚያንጸባርቀውን አትችሉትም። የሞባይል ባንኪንግ ዝውውር፣ ፊርማ፣ ገንዘብ ቆጠራም ለነገ ይደር፣ የመነጽር ፍሬም መምረጥም እንዲሁ።

ከሰፋ በኋላ የሚያዩት የዓይኑን ጀርባ ነው። ሰውነት ሳይከፈት የደም ሥር በቀጥታ የሚታየው እዚያ ነው፣ ስኳርና ደም ግፊት ያደረሱት ጉዳት እዚያ ላይ ይነበባል። ስኳር ያለባችሁ ሰዎች በደንብ እያያችሁም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ ይሄን አድርጉ። ማየት ሲያቅታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ዘግይታችኋል።

ስፔሻሊስቱ ያየኝ በዚህ ሰዓት ነው። ካርዱን አንብቦ ስለ አባቴ ራሱ ጠየቀኝ፣ እንደገና ከመጀመሪያው አላስተረከኝም። ወረቀት ላይ ዓይን ሥሎ ነርቩ የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ። ነርቭዎ ጤነኛ ነው፣ ግን በየዓመቱ ይምጡ አለኝ። «ጥያቄ አለዎት?» ብሎ እስክመልስ ጠበቀ፣ የእኔ ጥሩ ክሊኒክ መለኪያ ይሄ ነው፣ ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ በላይ።

ሲጠይቋችሁ «የለኝም» አትበሉ። የችግሩ ስም ምንድነው፣ ባይታከም ምን ይሆናል፣ ጠብታው እስከ መቼ ነው፣ መቼ ልመለስ? በአማርኛ ጻፉልኝ በሉ። ግፊታችሁንና የዕይታችሁን ልክ ያለበትን ወረቀት ፎቶ አንሱት፣ በዓመቱ ሌላ ቦታ ብትሄዱም ማወዳደሪያ ነው።

«ሞራ አለ» ከተባላችሁ አትደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፣ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት ነበር። ማለትም በቀዶ ጥገና ሊያይ የሚችል ሰው ነው ጨለማ ውስጥ የተቀመጠው። የደፈረሰው ሌንስ ይወጣል፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፣ ዓይኑ ብቻ ደንዝዞ ነው የሚሠራው፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ቤት ይገባል። «እስኪበስል ጠብቁ» የሚለው ወሬ የድሮ ነው። ኑሯችሁን ካወከ በቂ ነው። ሞራን የሚያጠፋ ጠብታ ደግሞ የለም፣ አለ ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ጠብታ ከታዘዘላችሁ፣ እጅ ታጠቡ፣ ቀና በሉ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጉና አንዲት ጠብታ። ሁለተኛ ጠብታ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ጉንጭ ላይ ነው የሚፈሰው። ዓይን ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጫን በሉ፣ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ። ሁለት ዓይነት ከሆነ በመሃል 5 ደቂቃ። የብልቃጡ ጫፍ ሽፋሽፍት አይንካ። ከተከፈተ በኋላ አብዛኛው ጠብታ ከ28 ቀን በላይ አይቆይም፣ የከፈታችሁበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉ።

መነጽሩ

ወረቀቱ የእናንተ ነው። እዚያው ክሊኒክ ማሠራት ግዴታ የለባችሁም፣ ሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ። ላዩ ላይ መቀነስ ምልክት ካለ ለሩቅ ነው፣ መደመር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ለቅርብ ነው፣ ሲሊንደርና አክሲስ የሚሉት ቦታዎች ከተሞሉ አስቲግማቲዝም አለ ማለት ነው፣ የዓይኑ ፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አልጎበጠም፣ የዚያን ጊዜ የአስፋልት ዳሩ መነጽር ጭራሽ አይሆንም። ፒዲ የሚባለው በሁለቱ ብሌኖች መሃል ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ካልተጻፈ ጠይቁ፣ መነጽር ሠሪው በግምት ከሠራው ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ራስ ያሳምማል።

ሻጩ «ሰማያዊ ብርሃን የሚከላከል ይሁንልዎ» ሊል ይችላል፣ የኮምፒውተር ድካምን ይቀንሳል እያለ። እንደሚባለው አይደለም፣ ለድካሙ የሚሻለው በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ 6 ሜትር ያህል ርቆ ለ20 ሰከንድ ማየት ነው፣ ይሄ ነጻ ነው። ፀሐይ ላይ የሚጠቁረው ግን ውጭ ለሚውል ሰው ይመቻል። ላይና ታች የተከፈለውን የምትይዙ ደረጃ ስትወርዱ አንገታችሁን ሰበር አድርጉ፣ መጀመሪያ ላይ ወለሉ ይሸውዳል።

ልጆች ካሏችሁ እግረ መንገዳችሁን እነሱንም አሳዩ። ልጅ አይታየኝም አይልም፣ ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ነው የሚመስለው። አንገቱን አጣሞ የሚያይ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚለጠፍ፣ ከሰሌዳ ሲገለብጥ የሚሳሳት ከሆነ ስንፍና ነው አትበሉ። ሸውራራ ከሆነ «ሲያድግ ይተዋል» ብላችሁ አትጠብቁ፣ አንድ ዓይን ካልሠራ አእምሮ እየረሳው ይሄዳልና ሕክምናው የሚሻለው 7 ዓመት ሳይሞላው ነው። ፎቶ ላይ ብሌኑ ነጭ ሆኖ ከታየ በዚያው ሳምንት ስፔሻሊስት ይየው።

መነጽሩን ስትቀበሉ እዚያው አድርጉት፣ ይዛችሁ የሄዳችሁትን ወረቀት አንብቡበት፣ ጆሮ ላይ የሚጫን ከሆነ ያስተካክሉላችሁ። ለመልመድ ጥቂት ቀን ይፈጃል። ከሳምንት በኋላም የሚያዞራችሁ ከሆነ መሳቢያ ውስጥ አትወርውሩት፣ የታዘዘበትን ወረቀትና መነጽሩን ይዛችሁ ተመለሱ፣ በመሣሪያ አንብበው ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩታል። ስታጸዱት በነጠላ ጫፍና በሸሚዝ አትፈትጉት፣ አቧራው ይጭረዋል። በውኃና በትንሽ ሳሙና አጥባችሁ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት።